ስለ ጉድፍ ክትባት ታሪክ፤ ለደካሞች የተሠራው ጋሻ ለጤነኞች እንደ ተረፈ

ክትባት የሚለው ቃል ከግእዝ የተወረሰ ነው፤ ሥሩ «ከተበ» ሲሆን ትርጓሜውም ጻፈ ማለት ነው። በአንገት ላይ የሚንጠለጠለው ክታብም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ክንድን ጫር አድርጎ የበሽታን መከላከያ ማግባት በዚህ ስም መጠራቱ ለነገሩ እጅግ ይስማማዋል፤ መከተብ ማለት የጠላትን መልክ በሰውነት ላይ አስቀድሞ መጻፍ ነውና። ሰውነትም ያን ጽሕፈት አንብቦ ይይዘዋል፤ እውነተኛው በሽታ በመጣ ጊዜ ሳይደናገር ለይቶ ይመክተዋል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር በ1796 ዓ.ም. ከላም ፈንጣጣ በተወሰደ መግል አንድ ልጅ ከትበው ከሰው ፈንጣጣ ሊጠብቁት ከቻሉ ወዲህ፣ «እሾህን በእሾህ» የሚለው የአገራችን ምሳሌ ለዓለም ሕክምና የታወቀ መንገድ ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ይሁን እንጂ ጽሕፈቱን የሚቀበለው ሰውነት ራሱ የደከመ እንደ ሆነ ምን ይደረጋል? በካንሰር ታሞ በጠንካራ መድኃኒት የሚታከም ሕፃን ክትባት ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ነው፤ ነገር ግን አንዳንዱ ክትባት ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋውም እርሱን ነው። ሐኪሞች ይህን የተቋጠረ ነገር ለመፍታት ብዙ ዓመታት ደክመዋል። ከድካማቸውም የተገኘው ፍሬ ለታመሙት ብቻ ሳይሆን ለጤነኞቹ ሕፃናት ሁሉ ተርፏል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ያን ታሪክ በአጭሩ መተረክና ከእርሱ የሚገኘውን ግዴታ ማመልከት ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ሉኬሚያ ከሚባለው የደም ካንሰር ነው። እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ድረስ በዚህ በሽታ የተያዘ ሕፃን በጥቂት ወራት ውስጥ ይሞት ነበር፤ ሐኪሙም ወላጆቹን ከማጽናናት በቀር የሚያደርገው አልነበረም። በ1947 ዓ.ም. መጨረሻ ግን በቦስተን ከተማ በሕፃናት ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ሲድኒ ፋርበር አሚኖፕተሪን የተባለውን መድኃኒት ለታመሙ ሕፃናት መስጠት ጀመሩ። በ1948 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ ከ16 ሕፃናት 10ሩ ለጊዜው እንደ ተሻላቸው ገለጹ። ያ ፋታ ከወራት ያላለፈ ቢሆንም በሩን የከፈተ ነበር። ከዚያ በኋላ ልዩ ልዩ መድኃኒቶች ተገኝተው በአንድነት መሰጠት ተጀመረ። በ1962 ዓ.ም. በሜምፊስ ከተማ የተከፈተው የቅዱስ ይሁዳ የሕፃናት ሆስፒታል የመጀመሪያው ዳይሬክተር ዶክተር ዶናልድ ፒንከል፣ ሉኬሚያን ማስታገስ ብቻ ሳይሆን ፈጽሞ ማዳን ይገባል ብለው ተነሡ። በሚቀጥሉት ዐሥር ዓመታትም ውስጥ ከታማሚዎቹ እኩሌታ የሚሆኑትን የማዳን ተስፋ ተገኘ።

ነገር ግን የካንሰር መድኃኒት ጠላትን ከወዳጅ አጥርቶ የሚለይ አይደለም። በፍጥነት የሚባዛውን ሕዋስ ሁሉ ይመታልና ከካንሰሩ ሕዋሳት ጋር ሰውነትን የሚጠብቁትን ነጭ የደም ሕዋሳት ደግሞ ይፈጃል። ወንበዴውን ለመያዝ የከተማው ዘበኛ ሁሉ እንደ ታሰረ ያህል ነው። ከዚህም የተነሣ ከካንሰር ያመለጠው ሕፃን በሌላው ልጅ ላይ እንደ ተራ ነገር በሚቈጠር በሽታ ይሞት ጀመር።

ከእነዚህም አንዱ ጉድፍ ነው። ጉድፍ ቫሪሴላ በሚባል ረቂቅ ተሐዋሲ የሚመጣ ሲሆን በጤነኛ ልጅ ላይ ትኩሳትና ውኃ የቋጠሩ የሚያሳክኩ ሽፍታዎች አውጥቶ በሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ይሽራል። እናቶች «ልጅ ሁሉ የሚያልፍበት ነው» እያሉ እምብዛም አይጨነቁበትም። በካንሰር መድኃኒት በደከመ ሰውነት ላይ ግን ይኸው ቫይረስ ከቆዳ አልፎ ወደ ሳምባ፣ ወደ ጉበትና ወደ አንጎል ይዘልቃል። በ1975 ዓ.ም. ከሜምፊስ ሆስፒታል የወጣው ጽሑፍ የካንሰር ሕመምተኞች ሆነው ጉድፍ የያዛቸውን 77 ሕፃናት ታሪክ ዘርዝሯል። ከእነዚህ ውስጥ 60ዎቹ ጉድፉ በያዛቸው ጊዜ የካንሰር መድኃኒት ይወስዱ ነበር፤ ከ60ዎቹም በ19ኙ ላይ በሽታው ወደ ውስጥ ብልቶች ተዛመተ፤ 4ቱም ሞቱ። መድኃኒቱን ከማይወስዱት ከ17ቱ ግን አንድም አልሞተም። አደጋውን ያመጣው ካንሰሩ ብቻ ሳይሆን ሕክምናው ጭምር መሆኑን ይህ ቁጥር በግልጥ አሳየ። በጽሕፈት ቤት የምንሠራ ሰዎች መዝገብ መያዝን አንዳንድ ጊዜ እንደ ደረቅ ሥራ እንቈጥረዋለን፤ ነገር ግን የእያንዳንዱን ሕፃን ታሪክ በጥንቃቄ የጻፈ እጅ ባይኖር ኖሮ ይህ እውነት ተሰውሮ በቀረ ነበር።

ኩፍኝም እንዲሁ የከፋ ነበር። በ1959 ዓ.ም. ዶክተር ጆን ኤንደርስና የሥራ ባልደረቦቻቸው በቦስተን እንዳስረዱት፣ ሰውነታቸው በደከመ ሕፃናት ላይ ኩፍኝ የተለመደውን ሽፍታ እንኳ ሳያወጣ በሳምባ ውስጥ ተደብቆ ሊገድል ይችላል። እኒሁ ሊቅ ቫይረሱን አዳክመው የኩፍኝን ክትባት ለመሥራት መሠረት የጣሉ ናቸው። ክትባቱ በአሜሪካ በ1963 ዓ.ም. ሲፈቀድ ለጤነኛ ልጆች ታላቅ በረከት ሆነ። ነገር ግን ከዚያ አስቀድሞ በ1962 ዓ.ም. በወጣ ጽሑፍ፣ ሉኬሚያ በነበረበት ሕፃን ላይ የተዳከመው ቫይረስ ራሱ በርትቶ ለሞት እንዳደረሰው ተመዝግቧል። ለጤነኛው ጋሻ የሆነው ነገር ለደካማው ጦር ሆነ ማለት ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ክትባት በሁለት ወገን የሚከፈል መሆኑን ማወቅ ያሻል። አንደኛው ወገን የሞተ ተሐዋሲ ወይም ከተሐዋሲው አካል የተቈረጠ ክፍል ነው፤ ይህ በሰውነት ውስጥ ሊባዛ ስለማይችል በሽታ አያመጣም፤ ነገር ግን ሰውነቱ የደከመ ልጅ ትምህርቱን በሚገባ ላይቀበል ይችላል። ሁለተኛው ወገን ሕያው ሆኖ የተዳከመ ተሐዋሲ ነው። ኩፍኝ፣ ጉድፍ፣ በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ጠብታና ቢሲጂ የተባለው የሳምባ ነቀርሳ ክትባት ከዚህ ወገን ናቸው። ሕያው ክትባት በጤነኛ ሰውነት ውስጥ ጥቂት ተባዝቶ ጥሩ ትምህርት ሰጥቶ ይጠፋል፤ የሚገታው ዘበኛ በሌለበት ግን መባዛቱን ላያቆም ይችላል።

ታዲያ ክትባት እስኪገኝ ድረስ ሐኪሞች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ1969 ዓ.ም. ዶክተር ፊሊፕ ብሩኔልና ባልደረቦቻቸው፣ አልማዝ ባለጭራ ከተባለው በሽታ ካገገሙ ሰዎች ደም የተጣራ መከላከያ ከጉድፍ ጋር በተገናኙ ልጆች ላይ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢሰጥ በሽታውን እንደሚያስቀር አሳዩ። አልማዝ ባለጭራ የሚነሣው ያው የጉድፍ ቫይረስ በነርቭ ሥር ለብዙ ዓመት ተደብቆ ከኖረ በኋላ ሲያገረሽ ነውና፣ የእነዚያ ሰዎች ደም በመከላከያ የተሞላ ነበር። ሆኖም ይህ የተውሶ ጋሻ ነበረ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይጠፋል፤ ለማዘጋጀትም ብዙ ደም ይጠይቃል። ከዚህም በላይ ልጁ ጉድፍ ከያዘው ሰው ጋር መገናኘቱ በጊዜው መታወቅ ነበረበት። ጉድፍ ደግሞ ሽፍታው ከመታየቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት የሚተላለፍ ስለ ሆነ፣ ማን ከማን ጋር እንደ ተጫወተ ሳይታወቅ ጊዜው ያልፋል።

የጉድፍን ክትባት የሠሩት ሰው ጃፓናዊው ዶክተር ሚቺያኪ ታካሃሺ ናቸው። በ1928 ዓ.ም. በኦሳካ ተወለዱ፤ በኦሳካ ዩኒቨርሲቲም ሕክምናን ተምረው የቫይረስ ተመራማሪ ሆኑ። ለተጨማሪ ትምህርት ወደ አሜሪካ ሄደው በሂዩስተን ሳሉ በ1964 ዓ.ም. የሦስት ዓመት ልጃቸውን ጉድፍ ያዘው። ሕመሙ እጅግ ጸንቶበት ትኩሳቱ ከፍ አለ፤ ሽፍታው ሰውነቱን ሸፈነው፤ መተንፈስም ተቸገረ። አባትና እናት ሌሊቱን በአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ሲጠብቁት ያድሩ ነበር። ልጁ ዳነ፤ አባቱ ግን የቫይረስ ዕውቀታቸውን ለዚህ በሽታ ማዋል እንደሚገባቸው አሰቡ። ጤነኛው ልጅ እንዲህ ከተሠቃየ የደከመው ምን ይሆናል?

ዶክተር ታካሃሺ በ1965 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመልሰው ሥራውን ጀመሩ። ጉድፍ ከያዘው የሦስት ዓመት ልጅ ሽፍታ ቫይረሱን ወስደው በብርጭቆ ውስጥ በሚያድጉ የሰው ሳምባ ሕዋሳት ላይ፣ ከሰውነት ሙቀት ዝቅ ባለ በ34 ዲግሪ ሙቀት 11 ጊዜ አሳለፉት። ከዚያም ጊኒ ፒግ ከምትባለው አይጥ መሰል እንስሳ በተወሰዱ ሕዋሳት ላይ 12 ጊዜ አሳለፉት። በባዕድ ሕዋስና ባልለመደው ቅዝቃዜ የኖረው ቫይረስ ቀስ በቀስ ክፋቱን ተወ፤ መልኩን ግን አልለወጠም። ለክትባት የሚፈለገውም ይህ ነው፤ ኦካ የተባለው ዝርያ በዚህ አኳኋን ተገኘ።

በ1974 ዓ.ም. ዶክተር ታካሃሺና ባልደረቦቻቸው ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ የመጀመሪያውን ውጤት አወጡ። በሆስፒታል ክፍል ውስጥ ጉድፍ በተነሣ ጊዜ፣ በልዩ ልዩ በሽታ ተኝተው የነበሩትንና ጉድፍ ይዟቸው የማያውቀውን 23 ሕፃናት ወዲያው ከተቡ፤ በሽታውም በክፍሉ ውስጥ ሳይዛመት ቀረ። እንግዲህ ይህ ክትባት ገና ከጅምሩ የተሞከረው በመንገድ ላይ ለሚሮጡ ጤነኞች ሳይሆን በአልጋ ላይ ለተኙ ሕመምተኞች ነበር። ከዚያም በጃፓን ሉኬሚያ ላለባቸው ልጆች በጥንቃቄ ይሰጥ ጀመር።

ነገሩ በዓለም ዘንድ ወዲያው ተቀባይነት አላገኘም። ብዙ ሊቃውንት ከባድ ጥያቄ አነሡ። የተዳከመው ቫይረስ በነርቭ ሥር ተደብቆ ቢቀርና ኋላ ቢያገረሽስ? መከላከያው ጥቂት ዓመት ብቻ ቈይቶ ቢጠፋና ልጆቹ በሽታው በሚከፋበት በጐልማሳነት ዕድሜ ቢያዙስ? በካንሰር በተያዘ ልጅ ሰውነት ውስጥ ሕያው ቫይረስ ማግባት ይገባልን? እነዚህ ጥያቄዎች የሥራ ጠላቶች አልነበሩም፤ ሥራውን ያጠሩትና ያስተካከሉት እነርሱ ናቸው። በኩፍኝ ክትባት የደረሰውን የሚያውቅ ሐኪም ሁሉ መፍራት ይገባው ነበር።

መልሱን ለማግኘት በአሜሪካ በመንግሥት ገንዘብ የተረዳ ብዙ ሆስፒታሎች የተባበሩበት ጥናት በ1979 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ከመሪዎቹም አንዷ የኒውዮርኳ ሐኪም ዶክተር አን ገርሾን ነበሩ። የጥናቱ ደንብ ጥብቅ ነበር። ክትባቱ የሚሰጠው ሉኬሚያው ጋብ ላለላቸው ልጆች ብቻ ሆነ። ገና መድኃኒት የሚወስዱት ከክትባቱ በፊት አንድ ሳምንት፣ ከክትባቱም በኋላ አንድ ሳምንት መድኃኒቱ እንዲቋረጥላቸው ተደረገ። ለወላጆች ይህ ምን ያህል ከባድ ምርጫ እንደ ነበረ ለማሰብ አያስቸግርም፤ ልጃቸውን ከሞት ያወጣውን መድኃኒት አቁሞ የበሽታ ዘር መስጠት ነውና።

በ1984 ዓ.ም. የታተመው ውጤት 191 ልጆችን የሚመለከት ነበር። ከአንድ ጊዜ ክትባት በኋላ ከመቶ 80 ያህሉ፣ ከሁለተኛው በኋላም ከመቶ ከ90 የሚበልጡት መከላከያ አበጁ። ዋናው ጉዳት ቀላል ወይም መካከለኛ ሽፍታ ነበር፤ ይህም ይበልጡን የታየው መድኃኒታቸው ለሁለቱ ሳምንታት ብቻ በተቋረጠላቸው ላይ ነው። ከተከተቡት መካከል 22ቱ በገዛ ቤታቸው ከታመመ ሰው ጋር ኖሩ፤ ያልተከተበ ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ከመቶ 90 ያህል እጅ ሲያዝ፣ ከእነርሱ ግን የተያዙት ከመቶ 18 ብቻ ሆኑ፤ የያዛቸውም ጉድፍ ቀላል ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ በተከተቡት ልጆች ላይ አልማዝ ባለጭራ የሚነሣው በሽታው በተፈጥሮ ከያዛቸው ይልቅ በጥቂቱ እንደ ሆነ ታወቀ። ሊቃውንቱ የፈሩት ነገር ተመርምሮ ቀለለ።

ከዚህ በኋላ ክትባቱ ከአገር ወደ አገር ተሻገረ። በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች በ1984 ዓ.ም. ሲፈቀድ የተፈቀደው ጉድፍ ለሚያሰጋቸው ሕመምተኞች ነበር፤ በጃፓንም በ1986 ዓ.ም. ተፈቀደ። አሜሪካ በ1995 ዓ.ም. ለጤነኛ ልጆች ሁሉ ፈቀደችው። ከዚያ በፊት በዚያች አገር በየዓመቱ 4 ሚሊዮን ያህል ሰው በጉድፍ ይታመም፣ ከ10 ሺህ የሚበልጥ ሰው ሆስፒታል ይገባ፣ ከ100 እስከ 150 ሰውም ይሞት ነበር፤ ዛሬ የሕሙማኑ ቁጥር ከመቶ ከ90 በሚበልጥ እጅ ቀንሷል። ዶክተር ታካሃሺ በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ሥራቸው በብዙ አገሮች የሚገኙ ሚሊዮኖች ልጆችን ደርሶ ነበር።

የዚህ ታሪክ ድንቅ መዞሪያ ከዚህ ላይ ነው። ጤነኞቹ ልጆች በብዛት በተከተቡበት አገር በሽታው ራሱ እጅግ ስለ ቀነሰ፣ የታመመውን ልጅ በሕክምናው መካከል መድኃኒት አቋርጦ ሕያው ክትባት መስጠት አስፈላጊነቱ ቀረ። ለደካማው ተብሎ የተሠራው ጋሻ በጤነኛው ክንድ ላይ ሲውል ደካማውን ከሩቅ ይጠብቀው ጀመር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው በዚህ ላይ ተፈጸመ።

ዛሬ የሚሠራበት ደንብ ከዚህ ልምድ የወጣ ነው። ልጁ የካንሰር መድኃኒት በሚወስድበት ጊዜ ሕያው ክትባት አይሰጠውም፤ የሞተው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ግን በየዓመቱ እንዲሰጠው ይመከራል። ሕክምናው ካለቀ በኋላ ሰውነቱ እስኪያገግም ይጠበቃል፤ የአሜሪካ መመሪያ ቢያንስ ሦስት ወር፣ የእንግሊዝ ደግሞ ስድስት ወር ይላል። እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ጊዜው ሊረዝም ስለሚችል ውሳኔው የሐኪሙ ነው። የካንሰር መድኃኒት አስቀድሞ የተጻፈውን ጭምር ሊፍቅ ይችላልና፣ ልጁ በሕፃንነቱ ተከትቦ ነበር ተብሎ አይታለፍም፤ እንደገና ይጠናከርለታል። የመቅኔ ንቅለ ተከላ የተደረገለትማ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደ አራስ ልጅ ይከተባል፤ ሕያዋኑን ክትባቶች ለመቀበልም ቢያንስ ሁለት ዓመት ይጠብቃል። የተፋቀው ብራና እንደገና ይጻፍበታል ማለት ነው።

በዚያ የመጠበቂያ ጊዜ ልጁን የሚጠብቁት ወንድሞቹ፣ እኅቶቹና ጓደኞቹ ናቸው። የቤት ሰዎች ሁሉ የኩፍኝና የኢንፍሉዌንዛ፣ በሚገኝበትም አገር የጉድፍ ክትባት እንዲከተቡ ይመከራል። በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ጠብታ ግን ከተከተበው ልጅ ወደ ታማሚው ሊተላለፍ ስለሚችል፣ ታማሚ ባለበት ቤት ሐኪሙ ሳይጠየቅ መሰጠት የለበትም።

ይህ ነገር ወደ እኛም አገር ይደርሳል። በጥቁር አንበሳና በሌሎች ሆስፒታሎቻችን በካንሰር የሚታከሙ ሕፃናት አሉ፤ ከእነርሱም ወደ ትምህርት ቤት የሚመለሱ ይኖራሉ። የጉድፍ ክትባት በአገራችን በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ አልገባም። የኩፍኝ ክትባት ግን በ9ኛው ወርና ከ2019 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በ15ኛው ወር ይሰጣል፤ እንዲህም ሆኖ ኩፍኝ በየጊዜው ይነሣል። ስለዚህ ልጁን ለሁለተኛው ክትባት ሳይወስድ የቀረ ወላጅ የገዛ ልጁን ብቻ አልጎዳም፤ መከተብ የማይችለውን የጎረቤቱን ልጅ ደግሞ ያለ አጥር ትቶታል። በክፍሉ ውስጥ የካንሰር ሕመምተኛ ተማሪ ያለው መምህርም ጉድፍ ወይም ኩፍኝ በታየ ዕለት ለወላጆቹ ቢነግር፣ ሐኪሙ በጊዜው ሊደርስለት ይችላል። የአንድ ቀን መዘግየት ዋጋው ምን ያህል እንደ ሆነ ከላይ የተተረከው ታሪክ ያስረዳል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ለራስ ቤት ብቻ የተነገረ አይደለም። በሂዩስተን የታመመው ልጅ፣ በሜምፊስ መዝገብ ላይ የቀሩት ሕፃናትና በጥናቱ የገቡት 191 ልጆች ለእኛ ጤነኞቹ ያቈዩልን ዕውቀት አለ። ብድሩ የሚከፈለው ጤነኛውን ልጅ በጊዜው በማስከተብ ነው፤ ገንዘቡም ለመከተብ ተራው ላልደረሰው ሕፃን ይደርሳል።